ለሮስቶ የተቀየጠ ወይን

ባለፈው ቅዳሜ ሳሙናና ፓስታ ልገዛ ሳቢያን ሰፈር ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ ቀይ ወይን ይዤ ወጣሁ። ያስገዛኝ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር ገንዘብ ተቀባይዋን ልጅ አንብቢልኝ አልኳት። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ዞር አድርጋ፣ «ከሦስት ዓይነት ወይን የተቀየጠ፣ ለእራት ከቀይ ሥጋ ጋር ይስማማል ይላል ጋሼ» አለችኝ። ቀጥላም ፈገግ ብላ፣ «ዛሬ እንግዳ አለብዎት ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ እንግዳ አለብኝ» አልኳት።

እንግዳ የለብኝም። ቤቴን እንግዳ ከረገጠው ቆይቷል፤ የመጨረሻው ሰው የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ልጅ ነው፣ እሱም ከበሩ አላለፈም። ዳግመኛ ለማላገኛት ልጅ ለምን እንደዋሸሁ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ፣ ውሸቱ አዲስ እንዳልሆነ ገባኝ። ታላቅ ወንድም አለው። ያ ታላቅ ወንድሙ የተወለደው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ከተመደብኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሰው ስለ ድሬ ሙቀት ብዙ ያወራል። እኔን የጎዳኝ ግን ሙቀቱ ሳይሆን የከሰዓቱ ጸጥታ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል፤ ጫት የሚቅመውም ከወዳጆቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ይሰበሰባል። እኔ ጫት አልቅምም፣ ካርታ አልጫወት፣ ዘመድ የለኝ። የአገሩ ልጆች አንዱን ጨዋታ በአማርኛ ጀምረው፣ በኦሮምኛ አድርገው፣ በሶማልኛ ሲጨርሱትና ሲሳሳቁ፣ ሳቁ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሁሉም ስቀው ካበቁ በኋላ ነበር። ክፉ ሰው ገጥሞኝ እንዳይመስላችሁ። «አቦ ና ቁጭ በል!» የማይለኝ አልነበረም። «ደህና ነኝ፣ ሥራ አለብኝ» እያልኩ የማልፈው እኔው ነኝ። ምን ሥራ እንደነበረብኝ እግዚአብሔር ይወቀው።

የተከራየኋት ክፍል ከአቶ ጳውሎስ ግቢ በስተጀርባ ነበረች። አቶ ጳውሎስ የሸመንደፈር ጡረተኛ ናቸው፤ ድሬ ምድር ባቡሩን በፈረንሳይኛ ስሙ ነው የምትጠራው። ዕድሜያቸውን በባቡሩ የምግብ ፉርጎ ውስጥ ምግብ ሲያበስሉ፣ ከጂቡቲ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ፈጅተውታል። ሕፃን ሳሉ ያሳደጓቸው የፈረንሳይ ካህናት ስለነበሩ ካቶሊክ ናቸው። አነጋገራቸውም አበላላቸውም ፈረንሳይ ፈረንሳይ ስለሚል ሰፈሩ «ሙሴ ጳውሎስ» ይላቸው ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅም አልነበራቸውም። ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው፣ ቢላዋና ሹካ ይዘው ለብቻቸው ሲበሉ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን፣ «አንተ ወጣት፣ ብርጭቆ ይዘህ ና» ብለው ጠሩኝ። ለእሳቸው ሥራ አለብኝ ማለት አልቻልኩም፤ ሥራ እንደሌለብኝ በመስኮቴ ያዩኛላ።

እስከዚያ ድረስ ወይን ጠጅ የሚባለውን የማውቀው በለስላሳ ተበርዞ ነው። ሠርግ ላይም፣ ልደት ላይም እንደዚያ ነበር የምንጠጣው፤ አሁንም እንደዚያ የሚጠጣ ሰው ሳይ አልፈርድበትም። ይህንን ስነግራቸው ሙሴ ጳውሎስ ሹካቸውን ሳህናቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ወይን ለጥም አይደለም። ለእራት ነው። እራቱን ሳታውቅ ወይኑን አትቅዳ።»

ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ ሦስት ጠርሙስ ይቆማል። አንደኛው ምላስ ጨብጦ የሚይዘው ያገር ውስጥ ደረቅ ቀይ ወይን ነው። ሁለተኛው ሴቶች ይወዱታል የሚባለው ጣፋጩ። ሦስተኛው የድሮ የባቡር ባልደረቦቻቸው ከጂቡቲ በጆንያ ውስጥ ደብቀው የሚያመጡላቸው የፈረንሳይ ወይን ነው። እሱ ውድም ብርቅም ስለሆነ ብቻውን አይጠጣም። ሙሴ ጳውሎስ ሦስቱን በመስታወት ጆግ ይቀይጣሉ፤ ቅያጡም እንደ እራቱ ይለያያል። ለፍየል ጥብስ ደረቁ ይበዛል። ለዶሮ ደረቁ ይቀንስና የጂቡቲው ይጨመራል። ጣፋጩን እንደ ጨው ነው የሚያዩት፤ በማንኪያ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ይህ ነው። ወይኑን ያለ ምግብ አስቀመሱኝ፤ አፌን እንዳልበሰለ ሙዝ ጨብጦ ያዘው። ከዚያ ጮማ ያለበት ሥጋ አጎረሱኝና፣ «አሁን ደግመህ ቅመስ» አሉኝ። ወይኑ ያው ነው፣ ብርጭቆውም ያው ነው፤ መሻከሩ ግን የት እንደገባ አላውቅም። ሥጋውም ቅድም ያልነበረው ጣዕም አወጣ። ገርሞኝ ሳቅኩ። ድሬዳዋ ከገባሁ ጮክ ብዬ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። «በርበሬና ደረቅ ወይን አንድ አፍ ውስጥ አታገናኝ» አሉኝ። «ይጣላሉ፤ ተጎጂው አንተ ነህ።»

በዚህ ዓይነት አራት ወር ያህል፣ ጾም ካልሆነ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አብሬያቸው ተመገብኩ። ሮስቶ አሠራር ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። የበሬ ታፋ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ይታሻል፣ ወይን ውስጥ ያድራል፣ በማግስቱ ከካሮትና ከድንች ጋር በዝግታ ይበስላል። ስለ ሌላ ነገር ብዙም አናወራም ነበር። ሁለት ብቸኛ ሰዎች ስለ ወይን ሲያወሩ ስለ ብቸኝነታቸው ከማውራት ይድናሉ።

አሁን ወደ አሰለፈች ልምጣ። አሰለፈች የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ነበረች። ለገሃሬ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ደብዳቤ ልታስመዘግብ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ስትመጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ግርማዬ፣ ዛሬስ ከፋይል ሌላ ሰው አነጋግረሃል?» ትለኛለች። ቀልድ ነበር፤ ግን በየቀኑ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እወዳት ነበር። አሁን ሲጻፍ ቀላል ነው፤ ያኔ ግን አፌን ብትሰነጥቁት አይወጣም። እሷም የምትወደኝ ይመስለኝ ነበር፤ መዝገብ ቤት የሚያስመጣት ደብዳቤ በሌለበት ቀን እንኳ ትመጣ ነበርና።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ሐሙስ መስኮቱ ላይ መጥታ ሳትቀልድ ቆመች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ዝውውር አፈላልጎላታል። ኃላፊያችን ማክሰኞ ጠዋት በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ ነግሯታል፤ እሄዳለሁ ወይም አልሄድም።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

ከኋላዋ ሁለት ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። «እራት ልጋብዝሽና እንነጋገር» አልኳት፤ ይህን ማለቴ ራሱ ለእኔ ትልቅ ጀግንነት ነበር። ከዓርብ እስከ እሑድ ከአክስቷ ጋር ሐረር ሠርግ አለባት። የቀረን ሰኞ ብቻ ነው።

«ሰኞ?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ይሁን፣ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ። ከባድ ነገር እንዳትሠራ ደግሞ።»

ሰኞ ቀን፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ምን ቅዳሴ አለ ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት ነበረኝ? አልነበረኝም። ጭንቅላቴን ሮስቶው ይዞታል። ከባድ ነገር አትሥራ ያለችኝንም እንዳልደክም አዝና ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ማታ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፎ ነበር። ድሬ ሥጋ ወዳድ ከተማ ናት ብዬ ተራዬን ጠበቅኩ፤ ሰው ሁሉ ለምን በዚያ ማታ ሥጋ እንዳስፈለገው ከፊቴ ያለውን ሰውዬ ብጠይቀው በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። ሰው መጠየቅ ግን ልማዴ አልነበረም። ታፋውን ገዝቼ፣ አሽቼ፣ ወይን አልብሼ ሙሴ ጳውሎስ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ሰኞ ምሳዬን እንደወትሮዬ ሶማሌዎች ምግብ ቤት ብቻዬን ሩዝ በሥጋ በላሁ። ዳቦውን ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ካላት ከሆዳን ገዛሁ። ሆዳን ፊቷ የማይፈታ፣ ምላሷ የማያርፍ ሶማሌ ነበረች።

«ወሪያ፣ ዛሬ አራት ዳቦ?» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ አንድ ነው። ሰው አገኘህ እንዴ?»

«አዎ» ብያት ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። በዚያን ቀን እውነት የተናገርኩት ለሆዳን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ጥርና የካቲት ድሬዳዋ ሰው የምትሆንበት ወቅት ነው። አመሻሹ ላይ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በኩል ደስ የሚል ነፋስ ይመጣል፣ የከዚራ ዛፎች ይንሾካሾካሉ፣ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ከሩቅ ይሰማል። ሙሴ ጳውሎስ በረንዳቸውን፣ ነጩን ጨርቅና ጥሩዎቹን ብርጭቆዎች ለቀውልኝ ወደ አንድ ጡረተኛ ጓደኛቸው ቤት ሄዱ። «የዛሬው ቅያጥ ያንተ ነው፣ እኔ እጄን አላስገባም» አሉኝ። ጆጉን ፊቴ አድርጌ ቀየጥኩ። ሦስት እጅ ከደረቁ፣ ሁለት እጅ ከጂቡቲው፣ ከጣፋጩ ሁለት ማንኪያ። ከሮስቶው ቁራሽ እየቆረስኩ ቀመስኩ፤ የጂቡቲውን ጨመርኩ፤ ደግሜ ቀመስኩ። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ተገጣጠመ። ወይኑ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬና የበሰለ እንጆሪ ይሸታል፤ ከሥጋው ጋር ሲገናኝ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ለአሰለፈች የምናገረውም አብሮ ተገጣጠመልኝ፤ «አትሂጂ» እላታለሁ፣ ከዚያ የቀረው ራሱ ይመጣል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ እንዳልቀመሰች ያስታውቃል። ቢያንስ በዚያ ሰዓት መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ወንበር ሳብኩላት፣ ወይን ቀዳሁላት፣ የድስቱን ክዳን እንደ አስማተኛ ከፍ አደረግኩት። እንፋሎቱ ወደ ፊቷ ወጣ። ወደኋላ አለች።

«ግርማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሮስቶ ነው። ከትናንት ጀምሮ ወይን ውስጥ ያደረ።»

«ዛሬ እኮ ነነዌ ነው።»

ነነዌ ቀኑ በየዓመቱ የሚዘዋወር፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰኞ ገብቶ ረቡዕ የሚያልቅ የሦስት ቀን ጾም ነው። አጭር ስለሆነና ቀኑ ስለሚለዋወጥ ማንም ሰው በራሱ አያስታውሰውም። ሰው ለሰው ነው የሚነጋገረው። እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ባልደረባ ለባልደረባ፣ «ሰኞ ነነዌ ይገባል» ይባባላሉ። ሚስት ያለው እሑድ ማታ በቤቱ ሽታ ያውቀዋል። እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ በሃያ አራት ዓመቴ አንድም ጊዜ ጾም ገድፌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ምሳ ላይም፣ ወይኑን ስቀይጥም ሥጋ በልቻለሁ። የደነገጥኩት ስለ ኃጢአቱ ብቻ አይደለም። ነነዌ መግባቱን ሳያውቅ የሚቀር ክርስቲያን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከእሑድ እስከ ሰኞ ማታ አንድ ጿሚ እንኳ ያላነጋገረው ክርስቲያን ነው። ይህ ነገር ድስቱ ጫፍ ላይ ተጽፎ አሰለፈች እያነበበችው መሰለኝ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማንም አልነገረህም እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄው ውስጥ ፌዝ የለበትም። በሩን ከፍታ ግባ እያለችኝ ነበር። «አዎ፣ ማንም አልነገረኝም» ብላት ሌላው ነገር ሁሉ ተከትሎ ይወጣ ነበር።

«ማን ይንገረኝ?» አልኳት ሳቅ እያስመሰልኩ። «እኔ እኮ ጾም የሚባል ነገር ከተውኩ ቆይቻለሁ። በሆድ የጸደቀ ሰው የለም።»

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ እንደማልዋሽ ማሳየት አለብኝ። ቆርጬ በላሁ። እፊቷ፣ ከቅዳሴ በመጣች ልጅ ፊት፣ አንድ ቁራጭ፣ ከዚያ ሁለተኛ። በሕይወቴ ከሠራሁት ምግብ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነበር፤ አልወርድ ብሎኝ በወይን ገፋሁት። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። አሰለፈች ግን ዳቦዋን ቆርሳ፣ ካሪያ ከበዛበት የቲማቲም ሰላጣ ጋር መብላት ጀመረች።

«ወይኑን እንኳ ልቅመስልህ፤ ወይን ጾም አያስገድፍም» አለች። ደክሞበታል ብላ መሆን አለበት። ካሪያው አፏ ውስጥ እንዳለ ጎንጨት አለችና ዓይኗን አጠበበች። «ይጨብጣል። መድኃኒት መድኃኒት ይላል።»

«ከሥጋው ጋር ነው የሚገባሽ» አልኳት።

«እሺ፣ ካልክ» አለች። «ሥጋው ግን እስከ ሐሙስ አይጠብቀኝም።» ትንሽ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ተበርዞ የተሰጠኝን ዕድል እንኳ መጠጣት አልቻልኩም።

ምግቡን ጨረስን። በመጨረሻ ብርጭቆዋን በጣቷ እያዞረች፣ «ነገ ጠዋት መልስ እሰጣለሁ፤ ምን ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ። አትሂጂ የሚለው ቃል ቅድም አፌ ውስጥ ነበር። አሁን ግን ጾም የማያውቅ፣ ማንም የማያስፈልገው ሰው ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሰው አትሂጂ አይልም።

«የሚበጅሽን አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

በር ድረስ ሸኘኋት። «ጋሪ እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ግባ» ስትለኝ ገባሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሆዳን ከሱቋ ጠራችኝ። ባንኮኒው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አስቀመጠች።

«ያቺ ልጅ ትናንት አንተ ከገባህ በኋላ እዚህ መጣች» አለችኝ። «ምስር ነው፤ ላንተ ገዝታ ነው። ነገም ከነገ ወዲያም ጾም ነው በይልኝ አለች።»

አሰለፈች ውሸቴን አንድም ቃል አላመነችም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ ጋለ።

«ተሳስታ ነው» አልኳት። «እኔ አልጾምም።»

ሆዳን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዋላሂ አንተ ደረቅ ነህ! እኔ እስላም ነኝ፣ የናንተን ጾም አላውቅም። ግን ረመዳን ሲገባ ጨረቃዋን እኔ መች አየኋት? ጎረቤት ነው በሬን አንኳኩቶ ገባ የሚለኝ። አንተ በርህን ማን ያንኳኳል? ያቺ ልጅ አንኳኳች አቦ! ውሰድ!»

ምስሩን ባንኮኒው ላይ ትቼው ሄድኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን በምስር ሊታሽ ይችል ነበር። መሥሪያ ቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ያን ጠዋት በደቻቱ በኩል ዞሬ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ሆን ብዬ ነው። ስደርስ አሰለፈች ወረቀቷን አስገብታለች። መስኮቱ ላይ መጥታ፣ «ምስሩን አገኘኸው?» አለችኝ፤ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ያኔም አልቀለደችም። በሦስተኛው ሳምንት ሄደች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሊሸኛት አውቶቡስ ተራ ሲወጣ፣ እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ መዝገብ ቤት ቀረሁ።

ያን ማክሰኞ ማታ ሙሴ ጳውሎስ የተረፈውን ወይን ከተረፈው ሮስቶ ጋር ቀመሱት። ረጅም ጊዜ አላመጡ። «ቅያጡ ልክ ነው» አሉኝ። «እኔም ከዚህ አላሻሽለውም። ልጅቷስ?» የሆነውን ስነግራቸው ነነዌ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፤ በእሳቸው ቀን መቁጠሪያ ውስጥ የለም። ሰምተው ሲያበቁ በቁጭት ጭናቸውን መቱ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ምስር ቀቅለህላት፣ በርበሬውን ቀንሰህ፣ ጣፋጩን እስከ ግማሽ ታመጣው ነበር። ቅያጥ እኮ ይስተካከላል ልጄ፤ ጆጉ ውስጥ እስካለ ድረስ ይስተካከላል።» ከዓመታት በኋላ በአንድ ጾም ሞክሬዋለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ይስማማል። ሙሴ ጳውሎስ ያኔ አርፈዋል፤ ልነግራቸው አልቻልኩም።

ብዙ ሰው ድሬ መጥቶ ይሄዳል፤ እኔ መጥቼ ቀረሁ። አገባሁም። ሚስቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ሲከፋኝ ደህና ነኝ፣ ሲያመኝ ደህና ነኝ፣ ከሥራ ደረጃዬ ሲያወርዱኝ ደህና ነኝ እላት ነበር። ስትለየኝ ያለችኝ ነገር አንድ ነው፤ «ካንተ ጋር ስኖር ብቻዬን ነበርኩ» አለችኝ።  የዚያን ሰኞ ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ጾም ረሳ፣ አንዲት ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እንደ እኔ ያለ ሰው ግን አንድ ጊዜ ከዋሸ በኋላ ውሸቱን እንደ ቤቱ ይኖርበታል። አሰለፈች አንድ ቃል ብነግራት ትቀር ነበር ብዬ እምላለሁ ማለቴ አይደለም። ሳልነግራት መቅረቴን ነው የማውቀው።

ባለፈው ቅዳሜ የገዛሁትን ወይን አመሻሹ ላይ ከፈትኩት። ሥጋ አልነበረኝም፤ ያለኝ ፓስታ ነው። ቀያጩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ደረቁን ከጣፋጩ ጋር በጥሩ አስማምቶታል። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳጋምስ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ብርቄ ናት። ደብረ ብርሃን ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ በየቅዳሜው ሳታጓድል ትደውላለች። ንግግራችን ከሁለት ደቂቃ አያልፍም፤ የማሳጥረው እኔ ነኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

ደህና ነኝ የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ወይኑ ይሁን ትዝታው፣ ወይም እርጅናው፣ አላውቅም።

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። «ብቻዬን ነኝ ብርቄ። እራት አብሮኝ የሚበላ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ ሆነኝ።»

ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። በስልኩ ውስጥ የልጆች ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ትደነግጣለች ብዬ ቀልድ ነው ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለችኝ። «ሁላችንም እናውቃለን ወንድም ጋሼ። አንተ እስክትናገረው ነበር የምንጠብቀው።»